ዕጣ ወይስ ዕዳ?

በገጠራችን ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን ሲታይ «የእግዜር ቁጣ ነው» የሚል አይጠፋም፤ እናቲቱም ከሰው ዓይን ትደብቀዋለች። ነገሩ ግን ከንፈር በእርግዝና ከ4ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት መግጠም ሲገባው ሳይገጥም መቅረቱ ነው። መድኃኒቱም ታውቋል፤ ከንፈሩ በተወለደ በጥቂት ወራት፣ ላንቃው ዓመት ተኩል ሳይሞላው ይሰፋል። ችግሩ ሐኪሙ ከተማ፣ ልጁ ገጠር መሆኑ ነው። ታዲያ ላንቃው የተሰነጠቀ ልጅ ጡት መሳብ አቅቶት ቢመነምን፣ አድጎም አንደበቱ አልፈታ ብሎ ከትምህርት ቢቀር፣ ዕጣው ነው እንበል?

የለም! መድኃኒት ያለው መከራ ዕጣነቱ ቀርቶ የኅብረተሰቡ ዕዳ ይሆናል እንላለን። ዕዳ ደግሞ አልፎ አልፎ በሚመጣ የሐኪሞች ዘመቻ ብቻ አይከፈልም፤ ስፌቱ በአንድ ቀን ቢያልቅም ንግግር ማስተማሩ ዓመታት ይፈጃል። እኛስ? ለእረፍት አገር ቤት ስንገባ እናቲቱን «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ እህቴ፤ ይታከማል» ብንላት፣ ከዕዳው ድርሻችንን መክፈል ጀመርን ማለት ነው።