ዓሣን ይዞ መልቀቅ ምሕረት ነውን?

አንድ ሰው የባልንጀራውን ገንዘብ ወስዶ ቢመልስ፥ መመለሱ መልካም መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ስለ መለሰ ብቻ «ቸር ሰው» ብለን እናመሰግነዋለንን? ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ በትምህርት ምክንያት በምኖርበት በአሜሪካ፥ በኒው ሜክሲኮ ግዛት፥ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ዓሣ ሊያጠምድ ወስዶኝ ያየሁት ነገር ነው። ነገሩ ተራ መዝናኛ ይመስላል። እኔን ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ወንዙ ሳን ህዋን ይባላል። ቀድሞ በበጋ የሚሞቅና ድፍርስ ነበር። በ1962 እ.ኤ.አ. የናቫሆ ግድብ ከተሠራ በኋላ ግን ውኃው ከሐይቁ ሥር ስለሚለቀቅ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛና የጠራ ሆነ፤ ትራውት ለተባለው ዓሣም ተስማማው። (ትራውት ለአገራችንም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቋል።) ከግድቡ በታች ወደ ስድስት ኪሎ ሜትር የሚሆነው ስፍራ በልዩ ደንብ ይጠበቃል። ዓሣ የያዘ ሁሉ መልሶ መልቀቅ ግዴታው ነው፤ መንጠቆውም ገብታ አልወጣ የምትለዋ ጥርስ የሌለችው መሆን አለበት። ዝናው ስለ ራቀ ሰው እንደ ገበያ ይጎርፋል። እኛ ቅዳሜ ጠዋት ስንደርስ ወንዙ በሰው ታጥሮ ነበር ማለት ይቻላል።

አጠማመዱን በአጭሩ ላስረዳ። በመንጠቆው ላይ ትል ወይም ሥጋ አይሰካም። ከክርና ከላባ ዝንብ የምትመስል ነገር ትሠራለች፤ በሳን ህዋን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙባት ከስንዴ ቅንጣት የምታንስ ናት። እርስዋን በቀጭን ክር አሥሮ፥ ውኃው እንደሚወስዳት እውነተኛ ነፍሳት ማንሳፈፍ ነው ጥበቡ። ክሩ ጥቂት እንኳ ጎተት ካደረጋት ዓሣው ያውቃል። አንድ ትልቅ ዓሣ ከታች ተነሥቶ፥ በአፍንጫው ሊነካት እስኪደርስ ተከትሎ፥ እንደ ማሰብ ብሎ ሲመለስ በዓይኔ አየሁ። ጓደኛዬ ሳቀና «ይኸኛው ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል» አለኝ።

ታዲያ ይህ ዓሣ የት ተማረ? ተይዞ፥ ተጎትቶ፥ ከውኃ ወጥቶ፥ ተለቅቆ፥ ደግሞም ተይዞ ነው የተማረው። «የሚያስቸግር ዓሣ» እያልን የምንደሰትበት ጥንቃቄ ከእኛ በፊት በዚያ ስፍራ የቆሙት ሰዎች ሥራ ነው። እኛም በበኩላችን ለሚቀጥለው ሰው እንጨምርለታለን።

የሚገርመው ግን ይኸው ዝንብን የሚጠራጠር ዓሣ የሰውን እግር አለመፍራቱ ነው። በውኃው ውስጥ ስንራመድ ከጠጠሩ ሥር የሚነሡትን ነፍሳት ለመልቀም ከኋላችን ተሰልፈው ቆሙ። ሆን ብሎ ጠጠሩን በእግር እየፈተጉ እነርሱን መሰብሰብና ማጥመድ ክልክል ነው። ለምን ብዬ ብጠይቀው ጓደኛዬ «ማታለል ነዋ!» አለኝ፤ በጣቱ ከላባ የተሠራች ዝንብ ይዞ! እዚያው ሳቅሁበት። በኋላ ሳስበው ግን አንድ እውነት አለው። የሚጠራጠረንን ማታለል አንድ ነገር ነው፤ ተማምኖ የተጠጋንን ማታለል ደግሞ ሌላ ነው። በእንግሊዝ አገርም ሃልፎርድ የተባለ ጸሐፊ በውኃው ላይ ከምትንሳፈፍ ዝንብ በቀር ሌላውን ሁሉ እንደ ነውር የሚቆጥሩ ተከታዮች ነበሩት፤ ስኪውስ የተባለው ደግሞ በውኃው ውስጥ ጠልቃ የምትሄደውም ትፈቀድ አለ። ሃልፎርድ በ1914 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ እንኳ ክርክሩ አልበረደም፤ በ1938 እ.ኤ.አ. በሎንዶን ለዚሁ ጉዳይ ጉባኤ ተቀምጠዋል። ስለ ዓሣው ክብር ሳይሆን ስለ ራሳቸው ክብር የተከራከሩ ይመስለኛል።

ወደ ቀትር ገደማ እኔም አንድ ያዝሁ። ደስታዬን አልሸሽግም፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በውኃው ውስጥ እንዳለ አቅፌ መንጠቆውን ላወጣ ስል የላይኛው ከንፈሩ ጠርዝ በአንድ በኩል እንደሌለ አየሁ። የቀድሞ መንጠቆዎች ወስደውታል። በ2003 እ.ኤ.አ. ሊን ስኔደን የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦችዋ ጋር ባወጣችው ጥናት፥ በከንፈሩ የሚያቃጥል ነገር የተወጋ ትራውት ከንፈሩን ከጠጠር ጋር ሲያሽ መታየቱን አንብቤ ነበር። ይህ ሕመም ይባል አይባል የሚከራከሩ ሊቃውንት አሉ። ያንን ከንፈር በእጄ ይዤ ግን «ምንም አይሰማውም» ለማለት አፌ እሺ አላለኝም።

«ታዲያ ለቀቅነው አይደለም ወይ?» ይባላል። ሊ ዉልፍ የተባለው ስመ ጥር አሜሪካዊ አጥማጅ በ1939 እ.ኤ.አ. የጻፈው ሐሳብ፥ እንዲህ ያለ ዓሣ አንድ ጊዜ ብቻ ተይዞ እንዲቀር ዋጋው እጅግ ከፍ ያለ ነው የሚል ነው። ልብ በሉ፤ ዋጋው ለማን ነው? ለአጥማጆች ነው። በስዊዘርላንድ ግን በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ ለመልቀቅ አስቦ ማጥመድን ይከለክላል፤ የማትበላውን ለጨዋታ አታሠቃይ ነው ነገሩ። እንግዲህ በአንዱ አገር መግደል ጥፋት ነው፤ በሌላው ሊለቁ ማጥመድ ጥፋት ነው። ሁለቱም የቆሙለት አላቸው። ስዊዘርላንድ ስለ ዓሣው ታስባለች፤ ሳን ህዋን ከኋላ ተራ ስለሚጠብቀው ሰው ያስባል። ሰው በበዛበት ወንዝ ሁሉ የያዘውን ወደ ቤቱ ቢወስድ በጥቂት ጊዜ ለማንም አይተርፍም።

በእኔ አስተያየት መልቀቅ ለባልንጀራ የሚደረግ ፍትሕ ነው፤ ይህንንም አልንቅም። ለዓሣው የተደረገ ምሕረት ብለን ስንጠራው ግን ራሳችንን እናታልላለን። የሚበላ አጥማጅ ከዓሣው ጋር ያለው ሒሳብ የቀለለ ነው፤ የሚለቅ ደግሞ ከሰዎች ጋር ያለው። ሁለቱንም በአንድ መንጠቆ ማግኘት አልቻልሁም።

ለሰው የሚደረገውንስ በዚያው ቀን አይቻለሁ። አንድ አዛውንት ብዙ ሰዓት ከአንድ ዓሣ ጋር ሲታገሉ ቆይተዋል፤ አንድም ጊዜ አልያዙትም። እኔ ሳላውቅ ከበላያቸው ልገባ ስል ጓደኛዬ እጅጌዬን ጎተተኝ፤ ውኃውን አደፍርሼ የእርሳቸውን ድካም ከንቱ ላደርግ ነበር። ዳር ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። አዛውንቱ ዘወር ብለው ባርኔጣቸውን አነሡልን።

ከንፈረ ጎዶሎውን ዓሣ ከለቀቅሁ በኋላ ዘንጉን ለጓደኛዬ መለስሁለት። «ደከመህ እንዴ?» አለኝ። ነገሩን ላስረዳው ሞከርሁ፤ አዳመጠኝ፤ «ላንተ አንድ ይበቃሃል፥ እኔ ገና ነኝ» ብሎ ወደ ውኃው ገባ። እኔ ከወጣሁበት ስፍራ ሌላ ሰው ወዲያው ቆመበት።