አስር ሰከንዱን አክብር

ልጄ፣ ቆቦ ላይ የጥገና ሱቅ ልትከፍት መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። በጎሊናና በሆርማት ወንዞች ዙሪያ የጉድጓድ ውሃ በፓምፕ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ፣ ባለ አይሱዙውና ባለ ሶላሩ ሁሉ ደንበኞችህ ናቸው። ይህን ሁሉ ሰው የምትዳኘው በመለኪያህ ነውና ስለ መለኪያ ሙቀት ልምከርህ።

በየሱቁ ያለውን ርካሹን ቴስተር ልብ ብለህ እየው። በብዙዎቹ ላይ ከ10 አምፔር ቀዳዳው አጠገብ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አለ፦ ቢበዛ 10 ሰከንድ፣ ከዚያ 15 ደቂቃ ዕረፍት፤ ፊውዝም የለውም። ከውስጥ ያለው አንድ ወፍራም ሽቦ ብቻ ሲሆን የምትለካው ከረንት በሙሉ በእሱ ያልፋል። ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሽቦው ሲግል ሬዚስታንሱ ይለወጥና ቴስተሩ ሳይቃጠል በፊት መዋሸት ይጀምራል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ውሸት ነው፤ የተቃጠለውን ትጥለዋለህ፣ የሚዋሸውን ግን አምነህ ትሠራበታለህ። ፓምፕ ሲሠራ እያየህ ለመለካት ከፈለግህ ክላምፕ ሜትር ያዝ፤ ሽቦውን ከውጭ ያቅፈዋል እንጂ ከረንቱ በውስጡ አያልፍም። ለሶላር ከሆነ ዲሲ የሚለካውን ምረጥ።

የባትሪ መፈተሻው ደግሞ ይብሳል። 100 አምፔር የሚስበው በ12 ቮልት ባትሪ ላይ ሲጫን ከ1,000 ዋት በላይ ያወጣል፤ የእጅ መዳፍ በምታህል ቆርቆሮ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለኮስክ ማለት ነው። መጀመሪያ መቆንጠጫዎቹን አጥብቀህ እሰር፣ ከዚያ ማብሪያውን ተጫን፤ ባትሪ ሃይድሮጂን ስለሚያወጣ እዚያ ላይ ብልጭታ አደገኛ ነው። እስከ 10 ሰከንድ ያዝና ሳትለቀው ቮልቱን አንብብ፣ ወዲያው ልቀቅ። ሽቦው እስኪቀላ ይዞ ለደንበኛ ጭስ ማሳየት ሙያ አይደለም። ሳታሳርፍ ለመድገም በቸኮልክ ቁጥር ደህናውን ባትሪ “ሞቷል” ብለህ ገበሬውን ያለ ዕዳው አዲስ ታስገዛዋለህ። ለባጃጅና ለሞተር ሳይክል ትንንሽ ባትሪማ ይህን መሣሪያ ጭራሽ አታቅርበው።

ትልልቆቹ አምራቾችም ከዚህ “በአጭሩ ፈትሽ፣ ከዚያ አሳርፍ” ከሚል ሕግ አልወጡም። የትራንዚስተር መግለጫ ወረቀት ግርጌ ብታይ ብዙውን ጊዜ ፍተሻው የተደረገው ከ300 ማይክሮ ሰከንድ በማይበልጥ ምት፣ ከጠቅላላው ጊዜ ከ2 በመቶ በማይበልጥ ሥራ እንደሆነ ተጽፏል። 100 ዋት ያለው ምት በዚህ ስሌት አማካዩ 2 ዋት ብቻ ነው። ምቱ እንዲህ ያጠረው በትራንዚስተሩ ውስጥ ያለችው ደቃቅ ቺፕ በቅጽበት ስለምትግል ነው። ሙቀቱ ወደ ውጭኛው ቆርቆሮ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ “ነካሁት፣ ቀዝቃዛ ነው” አትበል፤ እጅህ የነካው ቆርቆሮውን ነው።

ይህ ሁሉ በማንኛውም አገር እውነት ነው፤ ቆላ ላይ ግን ይጠብቃል። ብዙ ቴስተር ትክክለኛነቱ የሚረጋገጠው ከ18 እስከ 28 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው፤ የግንቦትና የሰኔ ቀትር ቆቦ ላይ ከዚያ ያልፋል። ከተማዋም ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር አልፋ ስለተቀመጠች አየሩ ይሳሳል፣ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት አብዝቶ አይወስድም። ወረቀቱ 15 ደቂቃ ካለ አንተ 20 ስጠው። መሣሪያህን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በመኪና መስታወት ኋላ አታስቀምጥ፤ የአየር ማስገቢያውንም አቧራ በብሩሽ አራግፍ። ከባዱን ፍተሻ ጠዋት ጨርስ፣ ቀትሩን ለብየዳና ለጽዳት ተወው።

ደንበኛ ሲቸኩልብህ ለምን እንደምትጠብቅ በግልጽ ንገረው፤ የቆቦ ሰው እውነቱን ከነገርከው ይታገስሃል። ነገ ሱቅህን ስትከፍት ከሁሉ በፊት የቴስተርህን ፊት ወልውለህ ያንን ደቃቅ ጽሑፍ አንብብ፣ ረዳትህንም አስነብበው።