ቁጥር ስለ ነጻ ፈቃድ ይመሰክራል?

አንድ ከተማ ውስጥ በዓመት ስንት ሰው እንደሚያገባ፣ ስንት ሌባ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ብንቆጥር፣ የዘንድሮው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከአምናው ብዙ አይርቅም። ፈረንሳዊው ላፕላስ የፓሪስ ፖስታ ቤት ለባለቤቱ ማድረስ ያቃተው ደብዳቤ ብዛት እንኳ ከዓመት ዓመት ብዙም እንደማይለዋወጥ ታዝቦ ነበር። ሙሽሮቹ አልተመካከሩም። ሌቦቹም «የዘንድሮ ኮታችን ስንት ነው?» ብለው አልተሰበሰቡም። ሁሉም በየራሱ ነው የወሰነው። ታዲያ ድምሩ እንዴት ረጋ?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ይህ ጥያቄ ብዙ ሰው አስጨንቋል። አንዳንዶቹ «እንግዲያው ነጻ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም፤ ሰውን የሚነዳው ኅብረተሰቡ ነው» አሉ። የእኛን «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» በስታቲስቲክስ ቋንቋ እንደማለት።

ይህን በሒሳብ ሊመልስ የተነሳ አንድ ሰው ነበር፤ የሞስኮው ፓቬል ኔክራሶቭ። ኔክራሶቭ ትምህርቱን የጀመረው በሥነ መለኮት ትምህርት ቤት ነው፤ ወደ ሒሳብ የገባው በኋላ ነው። በ1902 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያቀረበው ክርክር ባጭሩ እንዲህ ነው። ሳንቲም አሥር ጊዜ ብትወረውሩ ሰባት ጊዜ ዘውድ ሊወጣ ይችላል። አሥር ሺህ ጊዜ ብትወረውሩ ግን ዘውዱም ጎፈሩም ወደ ግማሽ ይጠጋል። ያዕቆብ በርኑሊ ያረጋገጠው፣ በ1713 የታተመው «የትላልቅ ቁጥሮች ሕግ» ይህ ነው። የበርኑሊ ማረጋገጫ የሚሠራው አንዱ ውርወራ ሌላውን በማይነካበት ጊዜ ነው። ኔክራሶቭ ታዲያ ነገሩን ገለበጠው። «ድምሩ ከረጋ፣ ውሳኔዎቹ አንዱ ከሌላው ነጻ ናቸው ማለት ነው፤ ስለዚህ ሰው ነጻ ፈቃድ አለው» አለ።

እንዴት ያምራል! ሰዎች ነጻ ፈቃድን የካዱበትን ያንኑ ማስረጃ ይዞ ነጻ ፈቃድን አጸደቀበት። ችግሩ ስሌቱ ስሕተት መሆኑ ነው።

ስሕተቱን ያሳየው አንድሬይ ማርኮቭ ነው። በ1856 ሪያዛን ውስጥ ተወለደ፤ ሴንት ፒተርስበርግ የቼቢሼቭ ተማሪ ነበር፤ ቁጣውም የታወቀ ነው። በ1906 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ክስተቶች እርስ በርስ ተያይዘውም አማካዩ ሊረጋ እንደሚችል አረጋገጠ። ዛሬ ከዘነበ ነገ የመዝነቡ ዕድል ይጨምራል እንበል። ቀኖቹ ተያይዘዋል፤ አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ሆኖም በብዙ ዓመት ውስጥ የዝናባማ ቀናት ድርሻ አንድ ቦታ ላይ ይረጋል። በቃ። የረጋ ድምር ስለ ነጻነት አይመሰክርም።

በ1913 ደግሞ በግጥም አሳየ። የፑሽኪንን «ዬቭጌኒ ኦኔጊን» ወሰደና የመጀመሪያዎቹን 20,000 ፊደላት በእጁ ቆጠረ። (የፑሽኪን ቅድመ አያት ጋኒባል ሐበሻ ነው ወይስ ከሌላ የአፍሪካ ክፍል የሚለው ክርክር አላለቀም፤ እኛ ግን የኛ ነው ብለን ከያዝነው ቆይተናል።) እንደ እኛ ፊደል ሳይሆን፣ በሩሲያኛ ተነባቢና አናባቢ ለየብቻ ይጻፋሉ። ከ20,000ው 43 በመቶ ገደማ አናባቢ ሆነ። ከአናባቢ ቀጥሎ ግን ሌላ አናባቢ የሚመጣው 13 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ከተነባቢ ቀጥሎ 66 በመቶ። ፊደላቱ ተያይዘዋል ማለት ነው። ከነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ተነስታችሁ ብታሰሉ ደግሞ ያው 43 በመቶ ይመጣል። ዛሬ «የማርኮቭ ሰንሰለት» የምንለው ይህ ነው። ጎግል ገጾችን ደረጃ ያወጣበት የመጀመሪያ ዘዴ በሱ ላይ የቆመ ነው። ስልካችሁ ቀጣዩን ቃል የሚገምትበት መንገድም የዚሁ ዘር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። «ማርኮቭ ነጻ ፈቃድ እንደሌለ አረጋገጠ» ይላል። አላረጋገጠም። ፑሽኪን ሲጽፍ ሩሲያኛን ታዘዘ፤ ነገር ግን ማንም አስገድዶ አላጻፈውም። ቆጠራው ቀጥሎ ምን ዓይነት ፊደል እንደሚመጣ ይገምታል፤ ግጥሙ ለምን እንደተጻፈ አያውቅም። ማርኮቭ የዘጋው አንድ በር ነው። ከቁጥር ተነስቶ ወደ ሰው ፈቃድ የሚያስገባውን በር። ያ በር የተዘጋው ለኔክራሶቭ ብቻ ሳይሆን ለተቃዋሚዎቹም ጭምር ነው።

ይህ ለኔ የታሪክ ወሬ ብቻ አይደለም። የምሠራው ብድር ጠያቂዎችን በዳታ በሚገመግም ሶፍትዌር ላይ ነው። ሲስተሙ «ይህ ሰው አይከፍልም» ብሎ ቀይ ያበራል። ቁጥሩ ያለው ግን እንደዚያ አይደለም፤ «እሱን ከሚመስሉ መቶ ሰዎች ይህን ያህሉ አልከፈሉም» ነው ያለው። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ስለ አንድ ሰው ይናገራል፤ ሁለተኛው ስለ ብዙ ሰው። ባንክ ኪሳራውን ለመገመት ሁለተኛው ይበቃዋል። ሱቅ ልትከፍት ገንዘብ የጠየቀች ሴት ግን «መቶ ሰው» አይደለችም። የሷን ቃል በሌሎች ሰዎች ዕዳ ስንመዝን፣ የአርባ ቀን ዕድሏን እኛ ጻፍንላት ማለት ነው።

«ታዲያ ሰው አይገመትም ወይ?» ካላችሁኝ፣ እንዴታ! የማርኮቭን ሕይወት እዩ። በ1902 ዛሩ የጎርኪይን የአካዳሚ ምርጫ ሲያሰርዝ ተቃወመ። በ1908 መንግሥት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ተማሪዎችን እንዲከታተሉ ሲፈልግ፣ የመንግሥት ሰላይ አልሆንም ብሎ ጻፈ። በ1912 ቶልስቶይን ያወገዘችው ቤተ ክርስቲያን እሱንም እንድታወግዘው ራሱ ማመልከቻ አስገባ። በ1913 አገሩ የሮማኖቭ ሥርወ መንግሥትን 300ኛ ዓመት ሲያከብር፣ እሱ የትላልቅ ቁጥሮች ሕግን 200ኛ ዓመት አስከበረ። በ1917 ከዋና ከተማዋ ወጥቶ፣ ዛራይስክ በምትባል ትንሽ ከተማ ያለ ደመወዝ ሒሳብ አስተማረ።

ሃይማኖቱን ትስማሙበት አትስማሙበት፣ ይህን ሰው የሚያውቅ ቀጥሎ የሚያደርገውን መገመት ይችል ነበር። በደል ሲያይ ይጽፋል፤ ሁሌም። ይህ ግምት ግን እሱን ከሚመስሉ ፕሮፌሰሮች የመጣ አይደለም፤ ብዙዎቹ ዝም ብለዋልና። የመጣው ከራሱ ነው።

ጓደኛችሁን «እሱማ ይመጣል፤ ብሏል» ስትሉ የምትገምቱት እንደዚህ ነው። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ከማንም በላይ ይገመታል፤ ባሪያ የሚለው ግን የለም። ስለዚህ ነጻ ሰውን «ማንም ሊገምተው የማይችል» እያልን መፈለጉን ብንተው ይሻላል። መጠየቅ ያለብን ግምቱ ከየት እንደመጣ ነው፤ እሱን ይመስላሉ ካልናቸው ሰዎች፣ ወይስ እሱ ራሱ ካደረገው?