የከሰዓት ፈረቃ

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን የተረተው ሰውዬ በከሚሴ አላለፈም መሰለኝ። እዚያ ልጅ ያቦካውን በልቶ የሚያድረው ቤት ስንት ነው! ውሃና ቆሎ ተሸክሞ ከአውቶቡስ መስኮት መስኮት የሚሯሯጠው ልጅ ነው። ጫማ የሚጠርገው ልጅ ነው። ዕቃ የሚሸከመውም፣ ሻይ የሚያቀርበውም ያው ልጅ ነው።

ከአዲስ አበባ በማለዳ ተነስቶ በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል ወደ ደሴ የሚያልፍ አውቶቡስ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ከሚሴ ይደርሳል፤ ሰዓቱም ለምሳ ይቃረባል። በአንዱ ጉዞዬ አጠገቤ የተቀመጡ ጎልማሳ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው በቆሎ ዋጋ ሲከራከሩ ቆዩና፣ ድንገት የአባትነት ስሜት ያዛቸው። «አንተ ልጅ፣ ትምህርት የለህም እንዴ?» አሉት። ልጁ ምንም ሳይደነግጥ «የከሰዓት ፈረቃ ነኝ ጋሼ» አለና፣ ወዲያው «ሰዓት ስንት ሆነ?» ብሎ ጠየቃቸው። ሰውዬው መልሳቸውን እየቆጠሩ ነበር። አውቶቡሱ ተነሳ።

እኔን የሚያሳስበኝ የልጁ ጥያቄ ነው። የሰውዬውንማ ሁላችንም እንጠይቃለን፤ ስንጠይቅ ደግ የሆንን ይመስለናል። በአሜሪካና በአውሮፓ የ15 ዓመት ልጅ ከትምህርት በኋላ ሳህን ሲያጥብ ወይም ጋዜጣ ሲያድል «ራሱን የሚችል ጎበዝ» ይባላል። የኛው ልጅ ያንኑ ያህል ሰዓት ሲሠራ ከንፈር እንመጥለታለን። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? የሥራው ክብደት ነው እንዳንል ቆሎ ከሳህን አይከብድም። ድህነቱ ነው እንዳንልም፣ ድሃ ሠርቶ ማደሩ ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ልዩነቱ ያለው በቀሪው ግማሽ ቀን ላይ ነው። ያኛው ልጅ ሰዓቱ ሲደርስ «በቃህ፣ ሂድ» የሚለው ሰው አለው። የኛው ሰዓት የሚጠይቀው መንገደኛን ነው።

የሥነ ጽሑፍ መምህር ሳለሁ ስለ ቻርልስ ዲክንስ ስናወራ ተማሪዎቼን ሁሌ የሚያስገርማቸው አንድ ታሪክ ነበር። ዲክንስ በ12 ዓመቱ፣ በ1824 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው፣ አባቱ በዕዳ ሲታሰሩ ለንደን ውስጥ ከአንድ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ገብቶ በሳምንት በስድስት ሽልንግ የቀለም ዕቃ ላይ ወረቀት ሲለጥፍ ይውል ነበር። አባቱ ከተፈቱ በኋላ ልጁ ከሥራው ወጣ፤ አባት ትምህርት ቤት ይግባ አሉ፣ እናት ግን ወደ ፋብሪካው እንዲመለስ ፈለጉ። ዲክንስ ይህንን የእናቱን ፍላጎት ዕድሜ ልኩን አልረሳውም። ለቅርብ ወዳጁ ካልሆነ በቀር ለሰው አልተናገረውም፤ ዓለም የሰማው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ሥራው መሮታል፣ አዋርዶታልም። ዕድሜ ልክ ያልሻረው ቁስል ግን ሌላ ነው፤ በሩ ሊከፈት ሲል መልሶ ሊዘጋበት የፈለገ የገዛ ወላጁ መሆኑ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በከሚሴ ዙሪያ ባለው ቆላ ማሽላው እሸት ሲይዝ ወፍ ይወርድበታል። ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ የሚወጣው ማነው? ልጁ ነዋ! ወሩ ደግሞ ትምህርት የተከፈተበት ወር ነው። አባትየው ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ወፉ የፈረቃ ትምህርት አያውቅም። እዚህ ላይ ግማሹ ቀን ሙሉ ይሆናል፣ ቀኑም ሳምንት ይሆናል።

ሕጉስ አትሉኝም? የ1996ቱ የሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛውን የመቀጠሪያ ዕድሜ 14 ዓመት አድርጎት ነበር፤ የተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ 15 ከፍ አደረገው። ከ15 እስከ 18 ያለው «ወጣት ሠራተኛ» በቀን ከሰባት ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓትም አይሠራም ይላል። ጥሩ ነው። ሰባት ሰዓት ሠርቶ አራት ሰዓት የሚማር ልጅ ግን በቀን አስራ አንድ ሰዓት ሆነበት፤ ደመራችሁት? ደግሞም አዋጁ የሚገዛው በሥራ ውል ላይ የተመሠረተ ግንኙነትን ነው። ቆሎ ሻጩ ከማን ጋር ተዋዋለ? ከእናቱ ጋር? ማማ ላይ ያለውስ ከወፉ ጋር?

እህቱማ ጨርሶ አትቆጠርም። ውሃ ቀድታ፣ ሕፃን አዝላ፣ እንጀራ ጋግራ ስትውል ሠራች የሚላት የለም፤ «እናቷን ታግዛለች» ነው። ለሷ የሚመጣው የመጀመሪያው የተቆጠረ ገንዘብ የዓረብ አገር ደመወዝ ይሆናል። ሕጉ ለውጭ አገር ሥራ 18 ዓመት ይሙላት ይላል፤ የደላላው ወረቀት ደግሞ ዓመት መጨመር አይገደውም። ከዚህ ዞን የሄዱትን ሴቶች ያላፈራ ቀበሌ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

እና ምን ይደረግ? ልጆቹን ከመንገድ እንሰብስብ የሚሉ አሉ። ሰብስበን ራቱን ማን ሊያቦካ ነው? እኔ ከዚያ ይልቅ ሁለት ገበያዎችን አያለሁ። የሰንበቴ ገበያ፣ ከስሟም እንደምትገምቱት፣ እሑድ ነው። ልጁ ውሎ ነግዶ ሰኞ ክፍል ይገባል። የባቲ ገበያ ግን ሰኞ ነው። አፋሩ ግመሉን ነድቶ፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉን ጭኖ የሚገናኝበት ያ የቆየ ገበያ ስለ ተማሪ ብሎ ቀኑን አይለውጥም፤ ለውጥ ቢሉትም እሺ አይልም። የትምህርት ቀን ግን የሰው ሥራ ነው። ባቲ ላይ ሰኞን ዘግቶ ቅዳሜን ማስተማር ምን ይከለክላል? መምህራኑ ቅዳሜያቸውን በቀላሉ እንደማይለቁ አውቃለሁ፤ እኔም መምህር ነበርኩ። ቢሆንም ይጠየቁ።