ስለ ክብር አንድ ጥያቄ፤ ያረጀው ታጋይና ያረጀው ቀበቶ

ክብር የማን ነው? የሰጪው ነው ወይስ የተቀባዩ? አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ መጀመሪያ አካባቢ፣ ክብር ከተከበረው ሰው ይልቅ በአክባሪዎቹ እጅ ያለ ነገር ስለሚመስል የሕይወት የመጨረሻ ግብ ሊሆን አይችልም ይላል። አክባሪዎች ዛሬ ያጨበጭባሉ፣ ነገ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ እውነተኛ ጥሩ ነገር ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚነጠቅ መሆን የለበትም ነው ነገሩ። ክፍል ውስጥ ይህ ሲነሳ ምሳሌው ሁልጊዜ የጦር አበጋዝ ወይም የአገር መሪ ነው። እኛ ለዛሬ ምሳሌያችንን ዝቅ ካለ ቦታ፣ አንዳንድ ወገኖቻችን «የልጆች ጨዋታ» ከሚሉት ከሬስሊንግ ልንወስድ ነው። አንባቢ ሆይ፣ መሳቅ ይቻላል፤ እየሳቁም ቢሆን ግን ማንበብ አይከፋም።

ኦክቶበር 21 ቀን 2016 (የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት፣ ሸርማን በምትባል ከተማ፣ ቲም ስቶርም የተባለ ታጋይ ጃክስ ዴንን ረትቶ የናሽናል ሬስሊንግ አሊያንስን የዓለም የከባድ ሚዛን ቀበቶ ታጠቀ። ዕድሜው 51 ነበር። ሙያው ደግሞ መምህርነት ነው። 51 ዓመት ማለት እንግዲህ የብዙዎቻችን አባት ዕድሜ ነው። እኛ ገና በሃያ ሁለት ዓመታችን ዶርም አራተኛ ፎቅ ለመውጣት እናለከልካለን፤ ይህ ሰው በ51 ዓመቱ ከሰው ትከሻ በላይ እየተነሳ፣ ከስስ ምንጣፍ በታች ጣውላና ብረት ባለበት መድረክ ላይ ይፈጠፈጣል። እንዲህ ሆኖ ያገኘው ቀበቶ ግን በዚያ ጊዜ ብዙ ሰው የማይጠይቀው ቀበቶ ነበር።

ቀበቶው ምን እንደነበረ ሳይነገር ምን እንደሆነ አይገባም። አሊያንሱ የተመሠረተው በ1948 በአዮዋ ግዛት ዋተርሉ ከተማ ነው። የትግል ዝግጅት ነጋዴዎች ተሰብስበው አገሩን እንደ ርስት ተከፋፈሉት፤ ይህ ክልል ያንተ፣ ያኛው የኔ፣ ሻምፒዮኑ ግን የጋራችን ተባባሉ። ሻምፒዮኑም ሻንጣውን ይዞ ከክልል ክልል እየዞረ በየደረሰበት ከአገሬው ጀግና ጋር ይታገላል። ሉ ቴዝ፣ ሃርሊ ሬስ፣ ዳስቲ ሮድስ፣ ሪክ ፍሌር ሁሉ የታጠቁት ይህንኑ ማዕረግ ነው። (ማኅበሩ ጻድቅ ነበር ማለታችን አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት የፍትሕ መሥሪያ ቤት ገበያውን በሞኖፖል ይዛችኋል ብሎ ከሷቸው በ1956 በስምምነት ነው የተላቀቁት።) በ1973 የወጣው፣ መሐሉ ላይ ሉል ያለበት ቀበቶ «አሥር ፓውንድ ወርቅ» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። ወርቁ እንኳ ቅብ ነው፤ ግን ስሙ ስም ነበር።

ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። በ1980ዎቹ ቪንስ ማክማን የክልሎቹን አጥር በኬብል ቴሌቪዥን ጥሶ ገባ፤ ነጋዴዎቹም አንድ በአንድ ሱቃቸውን ዘጉ። በ1993 ትልቁ አባል ደብሊው ሲ ደብሊው ለቆ ወጣ። ኦገስት 27 ቀን 1994 ደግሞ ፊላደልፊያ ላይ ሼን ዳግላስ የሚባል ታጋይ በውድድር አሸንፎ ማዕረጉን ከተረከበ በኋላ፣ ይህ ማኅበር የሞተ ነው ብሎ በሕዝብ ፊት ቀበቶውን መሬት ላይ ጣለው። ጣለው ስንል በምሳሌ አይደለም፤ በእጁ። በ2002 እና በ2007 መካከል ቲ ኤን ኤ የተባለ ድርጅት አንስቶት ትንሽ ነፍስ ዘራበት፤ እሱም ተወው። ስቶርም ዘንድ የደረሰው እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የሚገርመው ዳግላስና ስቶርም በዕድሜ እኩያ መሆናቸው ነው፤ አንዱ በ29 ዓመቱ የጣለውን ሌላው በ51 ዓመቱ ወገቡ ላይ አሰረው።

እዚህ ላይ ከመካከላችን አንዱ፣ የታሪክ ተማሪ ነው፣ «ቆይ፣ ቆይ!» ይላል። «ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ተወስኖ የለም እንዴ? ታዲያ አሸነፈ ማለት ምን ማለት ነው? ተዋናይ ንጉሥ ሆኖ ስለተጫወተ ነገሠ ይባላል?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ፈረንሳዊው ሮላን ባርት በ1957 «ሚቶሎጂዎች» ብሎ ባሳተመው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ስለ ሬስሊንግ ጽፏል፤ ነገሩ ስፖርት ሳይሆን ትርኢት ነው፣ ተመልካቹም ውጤቱ የተቀናበረ ይሁን አይሁን ደንታ የለውም፣ የሚፈልገው የሚያየውን ስሜት ነው ይላል። ጥሩ ብሏል። ሆኖም ባርት ያልነካው አንድ ነገር አለ፤ የንጉሡን ሚና ማን ይጫወት የሚለው ጥያቄ ራሱ የተቀናበረ አይደለም። ወንበሩ አንድ ነው፣ የሚፈልጉት ብዙ ናቸው፣ የሚሰጡት ደግሞ ገንዘባቸውን የሚያስቡ ሰዎች ናቸው።

ማስረጃ እንጥቀስ። በኤፕሪል 2000 ያው ደብሊው ሲ ደብሊው ዴቪድ አርኬት የተባለውን የሲኒማ ተዋናይ የዓለም ሻምፒዮን አደረገው። ምክንያቱ ስለ ሬስሊንግ የተሠራ አንድ ፊልም ስለነበረው ለማስታወቂያ ይረዳል ተብሎ ነው። ሰውየው ራሱ ሐሳቡን አልወደደውም ነበር። ተመልካቹ ምን አለ? ተቆጣ! ለዓመታት ተቆጣ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሁሉም ድል አስቀድሞ የተወሰነ መሆኑን የሚያውቅ ሕዝብ፣ አንዱን ድል «ይህስ ውሸት ነው» አለው። ውሸት በሞላበት ቤት ውስጥ ውሸት የሚባል ነገር ካለ፣ እዚያው ቤት ውስጥ እውነት የሚባልም ነገር አለ ማለት ነው። አርኬትም ይህ የገባው ይመስለናል። ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ46 ዓመቱ፣ በትንንሽ አዳራሾች ውስጥ ለመታገል ተመልሶ መጣ፤ በኖቬምበር 2018 አንገቱ ላይ ክፉኛ ተቆርጦ ደሙ ፈሰሰ። ቀበቶውን አስቀድሞ ወስዶ ዋጋውን በኋላ ሊከፍል የመጣ ሰው ነው። የታሪክ ተማሪው ወዳጃችን ለዚህ ገና መልስ አላገኘም።

ታዲያ ይህ ቀበቶ ምንድነው? ጉልበት ካልለካ ምን ይለካል? ለዚህ የአሊያንሱን የቆየ ልማድ ማየት ይበጃል። ሉ ቴዝ በጃንዋሪ 1963 ቶሮንቶ ላይ በዲ ሮጀርስን ረትቶ ማዕረጉን መልሶ ሲይዝ 46 ዓመቱ ነበር። ወጣት ጠፍቶ አይደለም። ሮጀርስ «አልሰጥም» ቢል እውነተኛ ትግል ገጥሞ፣ ክንዱን ጠምዝዞ ሊወስድበት የሚችል ሰው አስፈልጓቸው ነው። በኋለኞቹ ዓመታት ደግሞ ሻምፒዮን የሚሆን ሰው 25,000 ዶላር መያዣ ያስይዝ ነበር። በ1991 ሪክ ፍሌር ከአሠሪዎቹ ጋር ተጣልቶ ሲባረር መያዣውን አልመለሱለትምና ቀበቶውን ይዞ ወደ ተቀናቃኙ ድርጅት ሄዶ በቴሌቪዥን አሳየው። እንዲህ ነው እንጂ! መያዣ የሚጠየቀው ለሽልማት አይደለም፤ ተማሪ ዋንጫ ሲሸለም ዋስ ጥራ አይባልም። መያዣ የሚጠየቀው የሌላ ሰው ንብረት ሲረከቡ ነው። በኛ ቋንቋ ለዚህ አንድ ቃል ይበቃል፤ አደራ።

ሽልማትና አደራ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሽልማት ከሆነ አርስቶትል ልክ ነው፤ ሰጪው ሲወርድ ሽልማቱም ይወርዳል፣ ማኅበሩ ሲሞት ቀበቶው ቆርቆሮ ይሆናል፣ ዳግላስም መሬት ላይ ቢጥለው አይፈረድበትም። አደራ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በኛ አገር ከአደራ ሁሉ የሚከብደው የትኛው ነው? የሟች አደራ አይደለም? ሰጪው በሕይወት ካለ «እንካ ያንተን፣ ደከመኝ» ብሎ መመለስ ይቻላል። ከሞተ ለማን ይመለሳል? ዳግላስ ማኅበሩ ሞቷል ያለውን ብንቀበልለት እንኳ፣ ከሞተ ማኅበር እጅ የተረከቡት ነገር የቀለለ ነው የሚለውን አንቀበልም።

ሌላ ተቃውሞም ሰምተናል፤ ድርቅ ሲሆን ኩሬው ውስጥ የቀረው ዓሣ ትልቅ ይባላል የሚል። ስቶርም በ1975 ቢሆን ኖሮ ይህን ቀበቶ በሩቁም አያየው ነበር ይላሉ። አላየውም ይሆናል። እኛም ቴዝን ያህል ነው አላልንም። ግን ኩሬው ሲደርቅ ዓሣው የት ነበር? ብዙዎቹ ጥለው ሄደዋል፤ ይህኛው ቀርቷል። መቅረት ብቻውን ብቃት አይደለም፣ እሺ፤ ይሁንና ጭራሽ ምንም አይደለም ማለትም ግፍ ነው።

ከዚህ ሁሉ የባሰ የምንጠላው ግን የአዛኞቹን ክርክር ነው። «ምስኪን፣ ስንት ዓመት ለፋ፣ በስተርጅናው አንዴ ይደሰት» የሚሉ አሉ። ይህ ደግነት ይመስላል እንጂ ስድብ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ሰው ጡረታ ሲወጣ የምናየው ነው፤ ጋቢ ያለብሱታል፣ ሰርተፊኬት በፍሬም ይሰጡታል፣ ለስላሳና ዳቦ ይቀርባል፣ ንግግር ይደረጋል፤ በሳምንቱ የረሳው ወረቀት ኖሮ ተመልሶ ቢመጣ ዘበኛው «ማንን ፈልገው ነው አባባ?» ይለዋል። ጋቢው ጨርሰናል ማለት ነው። ቀበቶው ግን ጀምር ማለት ነበር። ሻምፒዮን የሆነ ሰው በማግስቱ ወደ ሌላ ከተማ ተጉዞ፣ ከሱ ሃያ ዓመት ከሚያንስ ጋር ገጥሞ፣ የወንበር ቁጥሩ ከተመልካቹ በሚበልጥ አዳራሽም ቢሆን የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ መቆም አለበት። የሚያዝኑለት ቢሆኑ ኖሮ ቤቱ እንዲያርፍ ይተዉት ነበር።

የወጣቶቹስ ጉዳይ? ይህኛው ጥያቄ እኛን ተማሪዎቹን በቀጥታ ይነካል፤ ሽማግሌ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሚቆመው ወጣቱ ነውና። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየማኅበሩ፣ «ልምድ» እየተባለ የማይለቀቅ ወንበር ስንት አለ! አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል ይባላል። ያረጁ አንበሶች መጫወቻ እንዳይሆኑ ብለው ዋሻውን አንለቅም ሲሉ ግን ደቦሎቹ ውጪ ያድራሉ። በዚህ ረገድ ሬስሊንግ ከብዙ መሥሪያ ቤት የተሻለ ሕግ አለው ብንል አንባቢ አይታዘበን። እዚያ ሙያ ውስጥ የአንጋፋው የመጨረሻ ሥራ መሸነፍ ነው። ያውም በደንብ መሸነፍ፤ ያሸነፈው ወጣት ትልቅ ሰው እንዳሸነፈ እንዲታመንለት አድርጎ።

ስቶርም ይህን ሥራ ሠርቷል። በ2017 ሙዚቀኛው ቢሊ ኮርገን አሊያንሱን ገዛው፤ የኢንተርኔት ተከታታይ ፊልም ተጀመረ፤ በፊልሙም 52 ዓመት የሞላው መምህር ሻምፒዮን ታየ። ዲሴምበር 9 ቀን 2017 ኒው ጀርሲ ላይ ለኒክ አልዲስ ተሸነፈ። አልዲስ 31 ዓመቱ ነበር። ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2018፣ ቺካጎ አጠገብ ከ10,000 በላይ ሕዝብ በተገኘበት አዳራሽ ኮዲ ሮድስ ያንኑ ማዕረግ ከአልዲስ ወሰደ። የኮዲ አባት ዳስቲ ሮድስ በዘመኑ ሦስት ጊዜ የያዘው ማዕረግ ነው። ሕዝቡ የቆመው ለልጁና ለአባቱ ነው። ይህ ሁሉ የስቶርም ውጤት ነው አንልም፤ የኮርገን ገንዘብ አለ፣ ካሜራው አለ፣ የኮዲ ተወዳጅነት አለ። እኛ የምንለው ቀበቶው ወደዚያ አዳራሽ ሲደርስ ከመሬት ተነስቶ አልመጣም፤ ከሰው ወገብ ነው የተፈታው።

በኦክቶበር 2019 አሊያንሱ ከአትላንታ ስቱዲዮ የራሱን ሳምንታዊ ዝግጅት ሲጀምር፣ የመጀመሪያው ቀን ዋና ግጥሚያ አልዲስ ከስቶርም ነበር። ውሉ እንዲህ የሚል ነው፤ ስቶርም ከተሸነፈ ለዚህ ቀበቶ ዳግመኛ አይታገልም። ተሸነፈ። የታሪክ ተማሪው ወዳጃችን «ይሄም ተጽፎ የተሰጠው ነው» ይላል። አዎ፣ ተጽፎ የተሰጠው ነው፤ አንብቦም ተስማምቶበታል። ከዚያም በኋላ በዚያው አሊያንስ ውስጥ፣ ቀበቶው በሌለበት ግጥሚያ፣ መታገሉን ቀጠለ።