ቀረጥና ቅራሪ

ሐርጌሳ ለምንኖር ሰዎች የመጠጥ ቀረጥ የሩቅ ወሬ ይመስላል፤ አልኮል እዚህ በሕግ የተከለከለ ነውና። ከአወዳይ ተጭኖ በቶጎ ውጫሌ የሚገባው ጫት ግን ይቀረጣል። ለመሆኑ መንግሥት ጎጂ ከሚለው ነገር ገቢ ማግኘትን ከለመደ በኋላ፣ የነገሩን መጥፋት ከልቡ ሊመኝ ይችላልን?

በአገር ቤት ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። የኢትዮጵያ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 (ቃሉን ሳንተረጉም መቀበላችን እኛን ተርጓሚዎችን አያስመሰግንም) በቢራም በአረቄም ላይ ቀረጥ ይጥላል፤ ጤናን የሚጎዳ ፍጆታ እንዲቀንስም ይታሰባል። ዳሩ ግን ቢራ የተወደደበት ድኻ ሁልጊዜ መጠጥ አይተውም፤ አንዳንዱ በጥቂት ብር ብዙ ስካር ወደሚገኝበት የቤት አረቄ ይዞራል። ዳግም አረቄ ደግሞ ከቢራ በብዙ እጥፍ ይበረታል።

ጋኗን በወይራ የምታጥነው ጠላ ሻጭ ዘንድስ? ቀረጥ ሰብሳቢው ደጇን ባያንኳኳም የገብሱ፣ የጌሾውና የማገዶው ውድነት ያንኳኳል። ዋጋ እንዳትጨምር ደንበኛዋ የቀን ሠራተኛ ነው፤ እንዳትተወው የልጆቿ እንጀራ ነው። ስለዚህ ድፍድፉ ላይ ውኃ ታበዛለች፤ ጠላውም ወደ ቅራሪ ይጠጋል። ይህ ማታለል ነውን? ጠጪው በመጀመሪያው ጉንጭ ያውቀዋል፤ ማወቁንም እርሷ ታውቃለች፤ ሁለቱም ዝም ይላሉ። እኔ ማታለል ለማለት አልደፍርም። ፋብሪካው የተጣለበትን ቀረጥ በጠርሙሱ ዋጋ ላይ ጨምሮ ለጠጪው ያስተላልፋል፤ እርሷ ውድነቱን የምታስተላልፍበት ከውኃ በቀር ምንም የላትም።