የባልንጀራን ድካም ስለ መመዝገብ

አንባቢ ሆይ፤ ፖከር የሚባለው የካርታ ቁማር በኢንተርኔት በገንዘብ መጫወት የተጀመረው በ1998 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። በዚያ ተጫዋቹ የተጋጣሚውን ፊት አያይምና በስሙ አጠገብ ማስታወሻ ይጽፋል፦ «ይህ ሰው ካርታው ደካማ ሲሆን አብዝቶ ያስይዛል፤ ያኛው ሲሸነፍ ይቈጣል፥ ተቈጥቶም ገንዘቡን ይበትናል»።

ይህ ማታለል ነውን? አይደለም፤ ያዩትን መጻፍ ለተጫዋች ሁሉ የቀረበ ነገር ነው። ሐኪምም የሰውን ድካም ይጽፋል። ነገር ግን ሐኪሙ የሚጽፈው ድካሙ እንዲወገድ ነው፤ ቁማርተኛው ግን ድካሙ እንዲደገም እየተመኘ ይጽፋል።

እንግዲህ ነቀፋው በመጻፉ ሳይሆን በምኞቱ ነው። ስለ አጨዋወቱ የጻፍኸው ብልሃት ይባላል። ነገር ግን ሰውየው በቍጣ ራሱን ስቶ፥ ምናልባትም ለልጆቹ እንጀራ የሚሆነውን ገንዘብ ሲበትን አይተህ፥ ያንን ሰዓት ደግመህ ለማግኘት ብትመዘግብ፥ አድብተህ ውድቀቱን የምትጠብቅ ሆነሃል። ይህም ልማድ ከጨዋታው ጋር አያበቃም፤ ሰውን እንዲህ ማየት የለመደ ዓይን በቤትና በገበያም የወዳጁን ድካም ይቈጥራል።

ወንድሜ ሆይ፤ ማስታወሻህን ገልጠህ መርምር፤ የባልንጀራህን ጥፋት የተመኘህበትን መስመር ብታገኝ ደምስሰው፥ ከዚያም ገበታ ተነሣ።